እስከ ሥሩ የገባው በረኪና

ጥርሱን የሚያመው ሰው ሐኪም እስኪያገኝ ድረስ አማካሪ አይቸግረውም። የእኔ መንጋጋ መጠዝጠዝ ሲጀምር ዶሃ ያለ አበሻ ሁሉ የጥርስ ሐኪም ሆነብኝ። አብሮኝ የሚኖረው ጀማል ቅርንፉድ ያዝበት አለኝ። ያዝኩበት። ሕመሙ እንዳለ ቀረ፤ አፌ ግን ቅመም የበዛበት ሩዝ መሽተት ጀመረ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ በሚያምህ በኩል ተኛ አለኝ፤ ሌላው በሚያምህ በኩል እንዳትተኛ አለኝ። ሁለቱንም ላለማስቀየም ቁጭ ብዬ አደርኩ።

እኔ ሉሰይል ውስጥ ያለ አንድ የገበያ ሕንፃ የአየር ማቀዝቀዣ መሐንዲስ ነኝ። አንዲት ቧንቧ ተዘጋች ሲሉኝ፣ “ዛሬ ካልተጠረገች ነገ ሕንፃው ይጋያል!” እያልኩ ሠራተኛ የማሯሯጥ ሰው ነኝ። የራሴ አፍ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሲበሰብስ ግን “ኢንሻአላህ ይሻለዋል” እያልኩ ከረምኩ። የሰው ጥርስ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ነበር የማስከፍተው።

በመጨረሻ ቁርጡን የነገረችኝ ሀያት ናት። ሀያት የማገባት ልጅ ናት፤ ማለቴ አጎቷ ከፈቀዱ የማገባት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አባቷ ኮምቦልቻ ሆነው፣ “እዚያ ያለው ወንድሜ ያየውን እኔ አየሁት” ብለው ነገሩን ለታናሽ ወንድማቸው ለጋሽ ይመር ትተውላቸዋል። ጋሽ ይመር ደግሞ አል ዱሃይል ባለ አንድ ግቢ የጥበቃ ኃላፊ ናቸው። በር መጠበቅ ሙያቸው ነውና የእኔንም ጉዳይ በር ላይ አቁመውታል። ሽማግሌ በላክሁ ቁጥር ፊታቸውን ቅጭም አድርገው፣ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ “አስብበታለሁ” ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። ሰው ይህን ያህል ዘመን ቢያስብ ፈላስፋ ይሆን ነበር።

“ስሚኝ ሀያት፣ ዛሬ ሹግል፣ ሥራ በዝቶብኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት…” ስላት በስልክ አቋረጠችኝ።

“አንድ ጉንጩ ያበጠ ሙሽራ ይዤ ፎቶ አልነሣም። ዛሬ ትሄዳለህ። ካልሄድክ አትደውልልኝ።”

ሄድኩ።

ሐኪሙ ሱዳናዊ ናቸው። ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሰው። ራጁን አዩና ነርቩ መሞቱን፣ የጥርሱ ሥር ተከፍቶ መታጠብ እንዳለበት ነገሩኝ። የማደንዘዣ መርፌውን ወጉኝ። እስኪደነዝዘኝ ድረስ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። መሐንዲስ ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልምና ሳህኑ ላይ የተደረደሩትን መርፌ የመሰሉ ነገሮችና ጠርሙሶች እያየሁ መጠየቅ ጀመርኩ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የጥርሱን ውስጥ የምናጥብበት ፈሳሽ ነው። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት።”

“እሱ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ቤታችሁ ነጭ ልብስ የምታነጡበት የለም? የሱ ዘመድ ነው።”

በረኪና! ከወንበሩ ብድግ ስል ከላይ የተንጠለጠለው መብራት ግንባሬን አለኝ።

“ያላ፣ ተቀመጥ፤ አትፍራ” አሉኝ እየሳቁ። “ለጥርስ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የሞተውን ሥጋ ያሟሟል፣ ጀርሙን ይገድላል። ቤትህ ውስጥ ግን እንዳትሞክረው። ይሄኛው ደግሞ ሳሙና መሰል ነገር ተጨምሮበታል።”

“ሳሙና ለምን?”

ይህን ጥያቄ ማስረዳት ለሚወድ ሐኪም መጠየቅ ለልጅ ብስክሌት እንደማሳየት ነው። ዓይናቸው በራ። “ስልክህን ስጠኝ” አሉ።

ሰጠኋቸው። ስክሪኑ ላይ በመርፌ አንዲት የውሃ ጠብታ ጠብ አደረጉ። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ድብልብል ብላ ተቀመጠች። “አየሃት? ውሃ እርስ በርሱ ተያይዞ መሰብሰብ ይወዳል። የጥርስህ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጀርሙ እዚያ ይደበቃል። ፈሳሹ እንዲህ ተድበልብሎ በር ላይ ከቆመ እንዴት ይገባል?” ቀጥለው ሳሙናማ ውሃ ጠብ አደረጉ። ይሄኛው ጠብታ መቀመጥ እንኳ አልፈለገም፤ ተዘረጋ፣ ተንጣለለ፣ ስክሪኑን አዳርሶ ጠርዙ ሥር ገባ። “ሳሙናው ያንን መያያዝ ያላላዋል። ስለዚህ ፈሳሹ ይለጠፋል፣ ይሰርጋል፣ ይገባል።”

በሕይወቴ እንዲህ የገባኝ ትምህርት የለም። “እንግዲያው ሳሙና ያለበት ይበልጣል ማለት ነው!” አልኩ ግማሽ ምላሴ እየተሳሰረ።

“ቀስ በል። መግባቱን ይገባል። ገብቶ ይበልጥ ይገድላል ወይ በሚለው ላይ ግን እኛም ገና እንከራከራለን። የሞተውን ሥጋም የግድ ቶሎ ያሟሟል ማለት አይደለም።”

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት “ይገባል” የምትለዋን ብቻ ነው። የተማረ ሰው ካልተማረው የሚለየው በግማሽ የሰማውን በሙሉ ድምፅ መናገሩ ነው።

ሥሩን ከፈቱ፣ አጠቡ፣ ፋቁ፣ እንደገና አጠቡ። ምንም አልተሰማኝም። ወራት ያሠቃየኝ ጠላት አፌ ውስጥ በረኪና ሲጋት እኔ ጣራ ጣራ እያየሁ ነበር። ጉድጓዱን በጥጥ ወትፈው ሌላ ራጅ እንድነሣ ወደ ታችኛው ክፍል ላኩኝ። ኮሪደሩ ላይ ተራ ስጠብቅ ያገኘሁት ዕውቀት አላስቀምጥ አለኝ። ቅርንፉድ ብቻ ለሚያውቀው ለጀማል መንገር አለብኝ! ስልኬን አወጣሁ። ሳሙናው ያልለቀቀው ስክሪን ጂኒ የገባበት ይመስል አንዱን ስነካው ሌላው ይከፈታል። እንደምንም ጀማል የሚለው ላይ የደረስኩ መሰለኝና ድምፅ ቀዳሁ። የተናገርኩት፣ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ይህ ነው፦

“ጀማል፣ ወንድሜ… በረኪና ብቻውን ለካ አይሠራም። ብቻውን ከሆነ ላይ ላዩን ነው የሚቀረው። ሳሙና ሲቀላቀልበት ነው ጠልቆ የሚገባው። አሁን ገብቷል፤ እስከ ሥሩ ነው የገባው። ምንም አይሰማኝም። ያ ሁሉ ሥቃይ አበቃ። ለሀያት ንገራት፣ እዚህ ያደረሰችኝ እሷ ናት። ኸላስ።”

እንግዲህ አንባቢዬ ይፍረደኝ። ይህን ጥርሱን ታክሞ የደስ ደስ ያለው ሰው ሲናገረው አንድ ነገር ነው። ማደንዘዣ ምላሱን ያሰረው፣ ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ በየቃሉ የሚያቃስት ሰው ሲናገረው ግን ኑዛዜ ነው። ይባስ ብሎ የሄደው ለጀማል አልነበረም። የአገራችን ልጆች መረዳጃ ማኅበር ግሩፕ ላይ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ይመር ናቸው።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ራጁን ተነሥቼ፣ ወንበሩ ላይ ተመልሼ፣ መድኃኒት ተደርጎልኝ፣ ጥርሱ ለጊዜው ተደፍኖልኝ ስወጣ ስልኬ ጭራሹን ጨልሟል። ግድ አልሰጠኝም። ሜትሮ ተሳፈርኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሕፃን ጠማማ ፈገግታዬን አይታ ወደ እናቷ እቅፍ ሸሸች እንጂ እኔስ ዓለም የኔ ነበረች።

ቤቴ ደረስኩ። በሩ ላይ ጫማ። ምን ጫማ ብቻ! የሴት ነጠላ ጫማ፣ የጥበቃ ቦቲ፣ የሆቴል ሠራተኛ ጥቁር ጫማ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተከምሯል። ከውስጥ ለቅሶ ይሰማል። ያን ያህል ጫማ በአንድ በር ላይ የሚከማቸው ሰው ሲሞት ነው። ቤቱ ውስጥ የምንኖረው እኔና ጀማል ብቻ ነን። እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ እዚህ ነኝ።

“ወይኔ ጀማል! ወይኔ ወንድሜን!” እያልኩ በሩን በርግጄ ገባሁ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከዚያ ጩኸት ሆነ። ከፊሉ ወደ ግድግዳው ሸሸ፣ ከፊሉ “አዑዙ ቢላህ!” አለ። ጀማል የወተት ጣሳ ይዞ ከኩሽና ብቅ አለ። እኔ ሞቷል ያልኩት ቆሞ አየሁት፤ እሱም ሞቷል ያለኝ ቆሜ አየኝ። ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ከመካከላችን ማን ሬሳ እንደሆነ አላወቅንም።

ቀድሞ የነቃው እሱ ነው። “አለ! ያዙት! ወተቱን!”

ያዙኝ። ሁለት ጎረምሶች ክንዴን፣ አንዱ ጭንቅላቴን። ወተቱ ተንቆረቆረ። የደነዘዘ አፍ ወተት አይይዝም፤ በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል ወጥቶ ሸሚዜን አራሰው። “እየተፋው ነው፣ አንጀቱ አልቀበል ብሎ ነው!” አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ሞቅ ካላለ አይሠራም ይላል። ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቅ ነው እየተባለ እኔን አጋድመው ክርክር ተያዘ።

“ጥርሴን ነው!” ለማለት ሞከርኩ። በዚያ ምላስ የወጣው “ጥፍሴን ነው!” የሚል ነበር።

“ነፍሴን ነው አለ!” ብላ እየዬዋን አቀለጠችው እታለም ዘይነባ።

እታለም ዘይነባ ረያን በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ወጥ ቤት ናት። ትልቋ እህታችን ስለሆነች ሁላችንም እታለም ነው የምንላት። ከማዳሟ ቤት ያለ ዓርብ ወጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ሳምንቱ ገና እኩሌታ ላይ ነበር፤ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው የመጣችው።

ጠረጴዛው ላይ የቤታችን የበረኪና ጠርሙስ እንደ ተከሳሽ ቆሟል። ጎኑ ላይ የዕቃ ማጠቢያው ሳሙና። የመታጠቢያ ቤታችን በር ተሰብሮ ግድግዳ ተደግፏል፤ እኔ ውስጥ ወድቄያለሁ ብለው ነው። ያ በር ነፋስ ሲዘጋው ላይከፈት እንደሚችል ጀማል ራሱ ያውቃል፤ ግን በጭንቅ ቀን ማን እጀታ ይሞክራል። ግሩፑማ ምኑ ይወራል! ኢናሊላሂ ያለ አለ፤ ለአስከሬን መላኪያ መዋጮ ይጀመር ያለ አለ። ድምፅ ሳያዳምጥ የሚመልስ ሰው በየግሩፑ አይጠፋምና አንዱ ደግሞ “ማሻአላህ፣ እንኳን ደስ አለህ” ብሎ አበባ ለጥፏል።

ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። በዚያ በተጣመመ አፍ ስስቅ ሕመም የበረታብኝ መስሏቸው ዘይነባ እጄን አፈፍ አደረገችው።

“አይዞህ ወንድምዓለም” አለችኝ። “በረኪና ሲሉ ስሰማ እግሬ አልታዘዘኝም። ከእኛ ቪላ ጎን አንዲት ልጅ ነበረች። የማን አገር ልጅ እንደሆነች እንኳ ሳልጠይቃት። በአጥር ላይ ሰላም እንባባል ነበር። በረኪናውን የጠጣች ቀን ስታቃስት ሰምቼ ኋላ እሄዳለሁ፣ ማዳም ምሳ ትፈልጋለች ብዬ…” አልጨረሰችውም። “ዛሬ ምሳውን እሳት ላይ ትቼ ወጣሁ። ወንድሜ እየሞተ ነው አልኳት ለማዳም። ልትከለክለኝ አፏን ስትከፍት በሩ ላይ ነበርኩ።”

ወተቱን የያዘው ልጅ ጣሳውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እኔም ሳቄን ዋጥኩት። እነዚህ ሰዎች በእኔ የደነዘዘ ምላስ ቢታለሉም የመጡት ለሐሜት ብቻ አልነበረም። ከዚህ በኋላ ደግሞ ጥርሴን ነው ብዬ እንዴት ልንገራት? እጄን አሁንም አልለቀቀችኝም።

ጋሽ ይመር እስካሁን ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እንደ ልማዳቸው ጉንጫቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል። ተነሡና፣ “እስቲ ብቻችንን” ብለው መኝታ ቤት አስገቡኝ። በሩን ዘጉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

“ልጄ፣ እኔ እኮ እምቢ አላልኩም። አስብበታለሁ ነው ያልኩት። ሰው አስብበታለሁ ስለተባለ በረኪና ይጠጣል? ያውም ከሳሙና ጋር?”

“ጋሽ ይመር፣ እኔ…”

“አትናገር፣ አትድከም። ነገ ይህ አገር ‘ይመር ልጅ ከልክሎ የሰው ነፍስ አጠፋ’ ሲል አልሰማም። ልጅቷን ሰጥቼሃለሁ። ብቻ ዳን።”

ልብ በሉልኝ። ስንት ሽማግሌ ያመላለሰ ጥያቄ በአንድ ጥርስ ተፈታ። እውነቱን ልናገር ምላሴን አንቀሳቀስኩ፤ እየለቀቀኝ እንደሆነ ተሰማኝ። መልሼ አስተኛሁት። ማደንዘዣው እንኳ አዝኖልኝ ሊያቆየው ያልፈቀደውን ድንዛዜ እኔ በፈቃዴ አስረዘምኩት። “እሺ” ለማለት ብቻ ራሴን ነቀነቅሁ።

ያኔ በሩ ተበረገደ። ሀያት ናት። የመድኃኒት ቤት ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ነው፤ ዓይኗ እሳት።

“ክሊኒኩ ደወልኩ!” አለች። “ጥርሱን ነው የታከመው! የጥርሱን ሥር ነው ያጠቡለት! በረኪናው የጥርስ ማጠቢያ ነው!” ወደኔ ዞረች። “አንተ ደግሞ ለምን አትናገርም? ምላስህ ከለቀቀህ ቆይቷል። የማደንዘዣውን ሰዓት እኔን ልትሸውደኝ?”

ከውጭ ያለው ሁሉ ሰማ። መጀመሪያ የሳቀችው እታለም ዘይነባ ናት፤ እንባዋ ሳይደርቅ። “አልሐምዱሊላህ! ጥርሱን ነው! ጥርሱን ነው!” እያለች ትከሻዬን ትደበድበኛለች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። አለመሳቅ የቻሉት ጋሽ ይመር ብቻ ናቸው።

“እንዲህ ከሆነ” አሉ ቀስ ብለው፣ “ያ ቃል የተሰጠው ለሚሞት ሰው ነው። አንተ እንደሆንክ አትሞትም። አስብበታለሁ።”

“ጋሽ ይመር!” አለች ዘይነባ። “ቃል እኮ ከአፍ ከወጣ…”

“አልኩ እኮ፣ አስብ…” ሲሉ ድንገት ፊታቸው ተጨማደደ። ጉንጫቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ።

ሀያት ዓይኗን አጠበበች። “አጎቴ፣ አፍዎን ይክፈቱ።”

“ምንም የለኝም።”

“ይክፈቱ አልኩ።”

ከፈቱ። ወደ ኋላ ያለው መንጋጋቸው እንደ ከሰል ጠቁሯል። ስንት ጊዜ እንዳሠቃያቸው ማን ያውቃል። የሕመም ማስታገሻ የሚገዙት እሷ እንዳታውቅባቸው ከሌላ መድኃኒት ቤት እንደሆነ ያን ቀን ነው ያመኑት። ጀማል ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ፣ “አስብበታለሁ ያሉት ስላንተ አይደለም፤ ስለ ጥርሳቸው ነው” አለኝ። ለኔም የመሰለኝ እሱ ነው። ጥርሱን የሚያመው ሰው ሙሽራ ቢያመጡለት ምን ይታየዋል?

“ነገ ክሊኒክ ይሄዳሉ” አለች ሀያት።

ጋሽ ይመር እንደ ልጅ መሬት መሬት አዩ። እኚህ ሰው ሌባ ቢመጣ በዱላ የሚመክቱ ናቸው። “ያ… በረኪናው” አሉኝ በሹክሹክታ፣ “ያማል?”

“አያምም ጋሽ ይመር። ሳሙና አለበት።”

“እንግዲያው አንተ አብረኸኝ ግባ።”

ገባሁ። በማግስቱ ሱዳናዊው ሐኪም ማደንዘዣውን ወጓቸው፣ ከዚያም በረኪናው ጉሮሯቸው እንዳይገባ ብለው ጥርሱ ብቻ ብቅ የሚልበት አረንጓዴ ላስቲክ አፋቸው ላይ ወጠሩባቸው። ከአፍንጫ በታች ጋሽ ይመር የሉም። ዓይናቸው ብቻ ወዲያ ወዲህ ይላል። ያንን የበር ጠባቂ ሰፊ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ያዝኩት። በረዶ ሆኗል።

ሐኪሙ ፈሳሹን በቀጭኑ መርፌ እየሞሉ ሳሉ ጎንበስ አልኩ። እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ እንደማይመጣ አውቄዋለሁ።

“ጋሽ ይመር፣ ኒካሁን ከረመዳን በፊት ብናደርገውስ?”

ዓይናቸው ፈጠጠ። “እእእ!” አሉ ከላስቲኩ ሥር። “እእ! እእእ!”

ሐኪሙ ቀና አሉ። “ምን አሉ?”

“እሺ እያሉ ነው” አልኩ።

በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ሀያት ሳቋን ለማፈን መጋረጃውን አፏ ውስጥ ወተፈች። እኔ ጋሽ ይመር እጃቸውን መንጭቀው እስኪመቱኝ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። አልመቱኝም። የያዝኩት እጅ መጀመሪያ ጠበቀ፣ ቆይቶ ላላ፤ ከእጄ ግን አልወጣም።